የስፔን ዜማ ለቱባ፣ ያለ አጃቢ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሜሪላንድ ውስጥ ሙዚቃ የማጠና የ20 ዓመት ልጅ ነኝ፤ መሣሪያዬ ቱባ ነው፣ ያ ትልቁ ወፍራም ድምፅ ያለው የነሐስ መሣሪያ። ሚያዝያ ላይ ለሚደረገው የተማሪዎች ኮንሰርት ሰባት ደቂቃ ብቻዬን እንድጫወት ተሰጥቶኛል፣ ፒያኖ አጃቢ የለም። እኔ ደግሞ የስፔን ነገር አማረኝ። የአልቤኒዝን ‹አስቱሪያስ› ከጊታር ኖታ ላይ ገልብጬ ሞከርኩት፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ትንፋሼ አለቀ፣ አስተማሪዬም ‹መልመጃ ይመስላል› አሉኝ። ለቱባ ተብሎ የተጻፈ የስፔን ሶሎ ብፈልግ ብፈልግ የሚረባ አጣሁ። አባቴ ‹ምነው ትዝታ ብትነፊ?› ይለኛል። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት፣ የአገሬ ዜማ አላጣሁም፤ ግን አሁን ያማረኝ ይሄ ነው። ከየት ላምጣ? ራሴ ልጻፈው? ካስታኔት (በእጅ የሚንኳኳ የስፔን መምቻ) የምትመታ ጓደኛም አለችኝ፣ እሷን ባስገባትስ?
ቱባዋ ነኝ፣ ከሜሪላንድ»

ቱባዋ፣ አባትሽ ክፉ አልመከሩሽም። ትዝታ በቱባ ሲነፋ ደስ ይላል፤ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ንፊላቸው። ኮንሰርቱ ላይ ግን ያማረሽን ተጫወቺ፣ ያላማረሽን ለሰባት ደቂቃ መንፋት ለሰሚውም ይከብዳል።

ፍለጋሽ ባዶ የሆነበት ምክንያት አለው። ቱባ ገና ልጅ መሣሪያ ነው። ቪፕሬኽትና ሞሪትስ በርሊን ላይ የፈጠራ መብቱን ያወጡት በ1835 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ያለ አጃቢ የሚነፋ የቱባ ሶሎ ደግሞ ከዚያም በጣም ዘግይቶ ነው የመጣው። አስተማሪሽ ሳያስነፉሽ የማይቀሩት የፐርሲኬቲ ሴሬናድ የ1961፣ የሃርትሊ ስዊት የ1962፣ የፔንዴሬትስኪ ካፕሪቾ የ1980 ሥራ ነው። የስፔንን ሙዚቃ ዓለም ካወቀባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ግን ያን ጊዜ አልነበሩም፤ አልቤኒዝ በ1909፣ ግራናዶስ በ1916፣ ደ ፋያ በ1946 ሞተዋል። ስለዚህ «ቱባ» እና «ስፔን» የሚሉትን ሁለት ቃላት አንድ ላይ ጽፈሽ ስትፈልጊ ብዙ ጊዜ የሚመጣልሽ ካስታኔት የተለጠፈበት የማርሽ ባንድ ቅንብር ነው፤ ወይም ታንጎ፣ እሱም የቦነስ አይረስና የሞንቴቪዴዮ ልጅ እንጂ የስፔን አይደለም።

በመሣሪያው ስም መፈለግሽን ተዪውና በድምፁ ውፍረት ፈልጊ። በስፔን ወይም ስለ ስፔን ለወፍራም ድምፅ የጻፈ ማን አለ? ለባስ ዘፋኝ፣ ለቼሎ፣ ለቪዮላ ዳ ጋምባ (የድሮ ባለ ቀስት መሣሪያ)፣ ለባሱን (ወፍራም የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ)? እነዚህ ሁሉ እንዳንቺው በአብዛኛው በባስ ክሌፍ ነው የሚጻፉት፣ ኖታውም እንደተጻፈው ነው የሚሰማው፤ ቁልፍ መቀየር ሳያስፈልግሽ ከወረቀቱ ላይ ትነፊዋለሽ። የጊታርና የቫዮሊን ኖታ ላይ መድከም የመጣው ከዚህ ነው፤ የተጻፈው ለጣት ነው፣ ያንቺ መሣሪያ የሚኖረው በሳምባ ነው።

ፒያኖ ስታገኚ የምትነፊያቸውን ቶሎ ልጥቀስና ወደ ሚያዝያው ጉዳይ ልመለስ። ራቬል በ1907 በሀባኔራ ምት የጻፋት አጭር ቮካሊዝ፣ ቃል የሌላት ዜማ፣ አለች። ዛሬ የማይጫወታት መሣሪያ የለም፤ መጀመሪያ የተጻፈችው ግን ለወፍራም የሰው ድምፅና ለፒያኖ ነው። የራቬል እናት የባስክ ተወላጅ ናቸው፣ ያደጉትም ማድሪድ ነው፤ ሰውየው ስፔንን ከቱሪስት መጽሐፍ አይደለም የተማረው። ይኸው ራቬል በመጨረሻ ዘመኑ ስለ ዶን ኪሆቴ ሦስት የባሪቶን ዘፈኖች ጽፏል። የመጀመሪያው በጓሂራ ምት፣ ሁለተኛው በባስኮቹ ባለ አምስት ምት ዞርትሲኮ፣ ሦስተኛው በሆታ የሚሄድ ነው። ሩሲያዊው ባስ ዘፋኝ ፊዮዶር ሻሊያፒን ለሚተውንበት ፊልም ታዝዞ ነበር፤ ዘግይቶ አስረከበና ሥራው ለሌላው ፈረንሳዊ አቀናባሪ ለዣክ ኢበር ተሰጠ። የኢበርም አራት ዘፈኖች ለባስ የተጻፉ ስለሆኑ ተመልከቻቸው። ቢዜ «ካርመን» ውስጥ ለበሬ ታጋዩ የሰጠው ዘፈንም የወፍራም ድምፅ ነው፣ ግን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስለሆነ ቱባ ላይ ሲመጣ ሰው ሊስቅብሽ ይችላል። ማሳቅ ከፈለግሽ ጥሩ፣ ካልፈለግሽ ተዪው።

አንድ ስም ግን በደንብ ያዢ፤ ባርቶሎሜ ደ ሴልማ ኢ ሳላቬርዴ። ስፔናዊ መነኩሴ ነው፣ የባሱን ነፊ ነው፣ በ1638 ቬኒስ ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለአንድ ባስ መሣሪያ የተጻፉ ፋንታዚያዎች አሉ። በወፍራም የትንፋሽ መሣሪያ ሶሎ የሚነፋ ስፔናዊ፣ ቱባ ከመፈጠሩ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት! ሀርፕሲኮርድ (የፒያኖ ቅድመ አያት) ወይም ኦርጋን ይፈልጋል እንጂ አሁኑኑ በያዝሽው ነበር።

ወደ ሚያዝያ እንምጣ። አጃቢ ከሌለሽ የሚያስፈልግሽ ብቻውን የሚቆም ዜማ ነው። ኮርድ ጎድሎበት የሚያሳዝን ዜማ ሳይሆን ሲፈጠርም ብቻውን የተፈጠረ። እኔ ብሆን ከስፔኗ ከተማ ከቶሌዶ እጀምራለሁ።

የካስቲያው ንጉሥ አልፎንሶ አሥረኛው (1221–1284) ያስጻፋቸው «ካንቲጋስ ደ ሳንታ ማሪያ» የሚባሉ ከአራት መቶ በላይ የእመቤታችን መዝሙሮች አሉ። ቋንቋቸው የጥንቱ ጋሊሲያ-ፖርቱጋልኛ ነው፣ ዜማቸው ከነኖታው በብራና ተጽፎ ቆይቷል፣ ሁሉም ባለ አንድ መስመር ናቸው። ኮርድ የለም፣ ሁለተኛ ድምፅ የለም። ላጅብ ያለ ያጅብ እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለው ዜማው ብቻ ነው። ከእነሱ ውስጥ ሁለተኛዋን ፈልጊ። የምትተርከው የቶሌዶውን ኤጲስ ቆጶስ ኢልዴፎንሶን ነው፤ እመቤታችንን ስላከበረ ራሷ ተገልጣ ከሰማይ የመጣ ልብስ ትሰጠዋለች፣ ከእሱ በኋላ የተሾመው ያንን ልብስ እደፍራለሁ ብሎ ሲለብስ ይቀሠፋል።

ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ይህን ስታነብ ምን እንደምትል አውቃለሁ። አዎ፣ ደቅስዮስ ነው። ተአምረ ማርያም ሲነበብ መጀመሪያ የሚመጣው ታሪክ፣ ታኅሣሥ 22 የምናከብረው። ሊቃውንት ደቅስዮስና ኢልዴፎንሶ አንድ ሰው ናቸው ይላሉ፤ የተአምራቱ ስብስብ ከአውሮፓ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተጉዞ ነው እኛ ጋ የደረሰው። ቀኑም ቢሆን በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። በ656 ቶሌዶ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ የብሥራትን በዓል ዲሴምበር 18 እንዲከበር ወስኖ ነበር፣ ታኅሣሥ 22 ደግሞ በጥንቱ የጁልየስ አቆጣጠር ዲሴምበር 18 ላይ ነው የሚውለው። የኮንሰርቱ ወረቀት ላይ አጭር ማብራሪያ ጻፊ ካሉሽ ይህን ጻፊ፤ አባትሽም ስለ ትዝታው የሚረሱ ይመስለኛል።

አነፋፏን በተመለከተ፣ መዝሙሯ አዝማች አላት፤ ከየአርኬው በኋላ ይመለሳል። አዝማቹን ከታች፣ ሰፋ ባለ ድምፅ፤ አርኬውን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርገሽ በለሆሳስ ንፊው። ሕዝብና መሪ ሲቀባበሉ የምታውቂው ነው። የብራናው ኖታ የምት ርዝመት እንዴት መነበብ እንዳለበት ምሁራን እስከዛሬ ይከራከራሉ። ያንቺን ነጻነት እዚያ ውስጥ አግኚው፣ ቃሉን እያነበብሽ በቃሉ ክብደት አስኪጂው። ሁለት ወይም ሦስት አርኬ ይበቃል። ሙሉውን እነፋለሁ ብትይ ሰባት ደቂቃሽን ትውጠዋለች።

ሁለተኛው ሰውም የቶሌዶ ልጅ ነው። ዲዬጎ ኦርቲዝ በ1553 ሮም ላይ የቪዮላ ዳ ጋምባ መማሪያ አሳተመ። መጽሐፉ ውስጥ አብዛኞቹ ቁርጥራጮች ከሀርፕሲኮርድ ጋር ናቸው፤ ሬሴርካዳ የተባሉ አራት ቁርጥራጮች ግን ለአንድ መሣሪያ ብቻ፣ ያለ ምንም አጃቢ የተጻፉ ናቸው። አጫጭር ናቸው፣ ሩጫ አላቸው፣ ከዘገምተኛ ዜማ በኋላ ጆሮን ይቀሰቅሳሉ። አንዷን ምረጪ። ጋምባ ቀስቱን ሳያነሳ የሚቀጥልበት ቦታ ላይ አንቺ መተንፈሻ ያስፈልግሻልና ከመለማመድሽ በፊት በእርሳስ የትንፋሽ ምልክት አስቀምጪ። ከረጅም ኖታ በኋላ ብቻ እንጂ ሩጫ መሀል አትተንፍሺ። ካንዱ ሩጫ ሁለት ኖታ መቀነስ ቢያስፈልግ ቀንሺ። ኦርቲዝ ራሱ ያስተማረው ዜማን እንዴት እንደሚያስጌጡ ስለሆነ አይቆጣም።

«ይሄ ሁሉ ግን እኔ የሰማሁትን ስፔን አይመስልም» እንዳትዪኝ። ልክ ነሽ። አንቺን ያስደነገጠሽ የአንዳሉሲያ፣ የደቡብ ስፔን፣ ድምፅ ነው፣ ፍላሜንኮ። እሱ ከካንቲጋስ በብዙ መቶ ዓመታት ያነሰ ነው፣ ምሥጢሩም በአብዛኛው ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ በግማሽ ድምፅ ከፍ ካለው ኖታ ወደ ማረፊያው ድምፅ ተንሸራትቶ በመውረዱ። ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሚ። አሁን ተነሽና የዶ ቱባሽን (በዶ የተቃኘውን) አንሺ፤ በመካከለኛው ድምፅ ላይ አንደኛና ሁለተኛ ፒስተን፣ ክፍት፣ አንደኛ፣ አንደኛና ሁለተኛ። በቃ፣ አንዳሉሲያ ይኸው! በፋ ቱባ በዚያው ጣት ሬ፣ ዶ፣ ሲ ፍላት፣ ላ ይመጣልሻል። ሦስተኛና አራተኛ ፒስተን የሚያስጨንቅሽ የለም፣ ድምፁ የሚዛባበት ጣት የለም። ይህን አወራረድ ዶ ላይ እንዲያልቅ አድርገሽ ብትጽፊው ግን ሬ ፍላቱን በሁለተኛና በአራተኛ ትይዢና ከንፈርሽ ሲያስተካክል ይውላል። ስለዚህ ማንኛውንም የአንዳሉሲያ ዜማ ስትገለብጪ ማረፊያው ሚ ላይ እንዲወድቅ አድርጊ፤ በፋ ቱባ ከሆነ ላ ላይ።

ያ ግማሽ ድምፅ ለጆሮሽ እንግዳ አይደለም። አምባሰልን ከዶ ብትጀምሪው ቀጥሎ የሚመጣው ሬ ፍላት ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ አምባሰል ከሬ ፍላት ዘሎ ፋ ላይ ይወጣል፣ የአንዳሉሲያው ደግሞ መሀል ያለውን ሦስተኛውን ድምፅ አይዘልም። አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ አድርጎ ይነካዋል። ማረፊያሽ ሚ ከሆነ ሶልም ሶል ሻርፕም አለ ማለት ነው። ጆሮሽ ባደገበት ከሄድሽ ሳታውቂው ዘለሽው አምባሰል ትነፊያለሽ፤ እሱም ያምራል፣ ግን ወረቀቱ ላይ የጻፍሽው ሌላ ነው። ፋ እና ሚ መካከል ደግሞ በፍጹም አትተንፍሺ። ሶል ከሚለው ድምፅ በፊት አየር ሳቢና ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ አውርጃቸው።

አሁን «አስቱሪያስ»ን ከጣልሽበት አንሺው። የሞከርሽው ትክክለኛውን ግማሽ አይደለምና። ሙዚቃው እንደ ጊታር የተሰማ የፒያኖ ሥራ ነው፣ አልቤኒዝ ለጊታር አልጻፈውም። ስሙንም እሱ አላወጣለትም፣ ከሞተ በኋላ አሳታሚ ነው የለጠፈበት፤ አስቱሪያስ በሰሜን ያለ አረንጓዴ ተራራማ አገር ነው፣ ሙዚቃው ግን ጥርት ያለ አንዳሉሲያ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለው ያ የማያርፍ ትርታ ትንፋሽሽን የጨረሰው ነው፤ ለቱባ አይሆንም፣ ለማንኛውም ነፊ አይሆንም። መሀሉን ተመልከቺው። እዚያ ፍጥነቱ ይጠፋል፣ ሁለቱ የፒያኖ እጆች ያንኑ ዜማ በሁለት ኦክታቭ ርቀት ብቻውን ይዘምሩታል፣ ኮርዱ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚገባው። የፍላሜንኮ ዘፋኝ ጊታሩን ጸጥ አሰኝቶ የሚያንጎራጉርበት ቦታ ነው። ያ አንቺ ነሽ። ትርታውን ሙሉ በሙሉ ጣዪው፣ መሀሉን ብቻ ገልብጪ፣ መልሶቹ ኮርዶች የሚገቡበት ቦታ ላይ አንድ ዝቅ ያለ ሚ አጠር አድርገሽ ምቺ። ቱባ ያንን ዝቅ ያለ ድምፅ ሲመታ ጊታር የማይችለውን ያደርጋል። አስተማሪሽ «መልመጃ» ያሉት ትርታውን ነው፤ ይህን ሲሰሙ ቃላቸውን የሚቀይሩ ይመስለኛል።

የሴቪያን የሰሙነ ሕማማት ዘፈን፣ ሳኤታን፣ አድምጪ። ሰልፈኞቹ ምስሉን ተሸክመው ሲያልፉ አንድ ሰው ከሰገነት ላይ ያለ መሣሪያ ያንጎራጉራል፣ ሰልፉ ቆሞ ይሰማል። ትንፋሹ የት እንደሚያልቅ፣ ጌጡ የት እንደሚገባ፣ አንዱን ቃል ምን ያህል እንደሚያቆየው አስተውዪ። ከየትኛውም የጊታር ቅጂ ይልቅ ለአልቤኒዝ መሀል የሚጠቅምሽ እሱ ነው።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ባደርገው ደስ ይለኛል፤ ካንቲጋዋ፣ ከዚያ ኦርቲዝ፣ ከዚያ አልቤኒዝ። በየመሀሉ ብዙ አትቆሚ፣ ውኃውን ከቱባው ለማፍሰስ የሚበቃ ጊዜ ብቻ። ሰባት ደቂቃ ውስጥ ትገቢያለሽ። ካንቲጋዋና ኦርቲዝ ከበዙብሽ በአንዷ ፋንታ ፓብሎ ካዛልስ በቼሎው የሚታወቅበትን የካታሎኒያ የገና መዝሙር፣ «የወፎች ዝማሬ»ን፣ ማስገባት ትችያለሽ። እሱም ብቻውን ይቆማል፣ ግን የአንዳሉሲያ አይደለም።

«ራሴ ልጻፈው?» ላልሽው፣ ከላይ የነገርኩሽን ስትገለብጪ ግማሹን ጽፈሽዋል። ልብ ወለድ ሙዚቃ ለመጻፍ ሚያዝያ ቅርብ ነው። ለመለማመጃ ሌላም ምንጭ ልጠቁምሽ። ቫሌንሲያ የባንድ አገር ናት፣ የከተማዋ የባንዶች ውድድር ከ1886 ጀምሮ ያለ ነው። የእነሱን ፓሶዶብሌ (የስፔን ማርሽ) ስትሰሚ መለከቱን ተዪና ዩፎኒየሙን፣ እነሱ ቦምባርዲኖ የሚሉትን፣ ተከተዪ። ዋናው ዜማ በላይ ሲሄድ እሱ ከሥር ሌላ ዜማ ይዘምራል፤ ብዙ ጊዜ ከዋናው ይበልጣል። የ1902ቱ «ሱስፒሮስ ደ ኤስፓኛ» ላይ ጀምሪ። ያንን ክፍል በፋ ቱባ በቃልሽ ብታጠኚው የስፔን ዜማ እንዴት እንደሚታጠፍ ጣትሽ ይማራል።

ኖታውን በተመለከተ፣ ኦርቲዝ፣ ሴልማ፣ አልቤኒዝ ሁሉም አይኤምኤስኤልፒ በሚባለው የኖታ ቤተ መጻሕፍት በነጻ አሉ። ዘመነኛ አርታኢ ያዘጋጀው እትም ግን የራሱ መብት ሊኖረው ስለሚችል የድሮውን እትም ምረጪ። አሜሪካ ውስጥ ከታተመ 95 ዓመት ያለፈውን እንደልብሽ ገልብጪ። የሮድሪጎን «ኮንሲየርቶ ደ አራንሁዌዝ» ዘገምተኛ ክፍል እንደምትመኚው እገምታለሁ፤ ማን ይጠላዋል። ግን የ1939 ሥራ ነው፣ ደራሲው የሞተው በ1999 ነው። ቤትሽ ውስጥ ለራስሽ ንፊው፤ ገልብጠሽ መድረክ ላይ ማውጣትና ዩቲዩብ ላይ መጫን ፈቃድ ይጠይቃል።

የቀረችው ጓደኛሽ ናት። ሚያዝያ ላይ ቁጭ ብላ ታዳምጥሽ። ካስታኔት የሴጊዲያና የሆታ ነው፤ አንቺ የመረጥሻቸው ሦስቱም ላይ ግን ምት የሚቆጥር ሰው ከገባ ነጻነቱ ያልቃል። በመኸር ፒያኒስት ስታገኚ የደ ፋያን ሰባት የስፔን ሕዝባዊ ዘፈኖች አውጪ። በ1914 ለዘፋኝ የተጻፉ ናቸው፤ ሞሪስ ማሬሻል ከሰባቱ ስድስቱን ለቼሎ ያዘጋጀበት እትም ስላለ እነዚያን በባስ ክሌፍ ታገኚያቸዋለሽ። ከፍ ያለውን ቦታ አንድ ኦክታቭ አውርጂው። እሹሩሩዋን፣ «ናና»ን፣ አንቺ ብቻሽን ከፒያኖው ጋር ንፊ፤ በኋላ በሦስት ምት የምትሮጠው «ሆታ» ስትመጣ ጓደኛሽ ካስታኔቷን ይዛ ትነሣ።